ካርቶን ላይ የተለጠፈው ሣር

የግጦሽ ባለሙያዋ ወንዝ ዳር ተንበርክካ ለጋውን ቅጠል ካርቶኗ ላይ ከለጠፈችው ደረቅ ሣር ጎን ያዘችው። ነጩ የመሀል ጅማት ያው ነው፤ የዱር ማሽላ። ትናንት ካርቶኑን ለአንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ አሳይታ «ወተት ይጨምራል» ያለችው ስለ ደረቁ ነበር። ከድርቅ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ግን መርዝ ነው፤ ላምን በቆመችበት ይጥላል። ስለ ለጋው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«አባባ፣ ላሞቹን እንዳያስገቧቸው! ይሄ ይገድላል!»

ላሞቻቸውን ወደ ወንዙ እየነዱ የመጡት ሽማግሌ ደንግጠው ፊት ፊት የምትሄደውን ላም በዱላቸው መለሷት። «አይዞሽ ልጄ፣ አንዷም አልቀመሰችም።»

እፎይ ብላ ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ብቻ...» አሉ ድምፃቸው ሰለል ብሎ፤ «ለብቻ መብላት ነውር ነው ብዬ፣ ስለ ሣሩ ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ከወንዙ ማዶ፣ ከለምለሙ መሀል፣ ቃጭል ተሰማ። አንድ አይደለም፤ ብዙ።