ጋሽ ፍሬን አበባው ላይ የረጩት መድኃኒት

«ልጆች፣ ቀረብ በሉ... ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ! ቢራቢሮ የሚሆኑት እነዚህ አባጨጓሬዎች ናቸው!»

የሳይንስ አስተማሪዋ ይህን ስትል ጋሽ ፍሬን ክው አሉ።

አካፋቸውን ተደግፈው ባይቆሙ ኖሮ እዚያው ዘጭ ይሉ ነበር...

ምክንያቱም ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እነዚያ ትሎች ላይ መርዝ ረጭተዋል።

ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መንገድ ላይ ድመት ባዩ ቁጥር ፍሬን ስለሚይዙ ነው ስሙ የወጣላቸው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ነበር።

አስተማሪዋ «ንብና ቢራቢሮ የሚወዱትን አበባ እንትከልበት፤ ልጆቹ ሳይንስን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በዓይናቸው እያዩ ይማሩ» ስትል ወላጆች በበጎ ፈቃድ ተሰበሰቡ። ጋሽ ፍሬን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሚጣ እዚያ ስለምትማር ማንም ሳይቀድማቸው መጡ።

ቆፈሩ... ድንጋይ ለቀሙ... ፍግ ተሸከሙ። ወገባቸው እያማቸው «ለሚጣ ነው» እያሉ ቻሉት።

ታዲያ አበባው ሊፈነዳ ሲል ቅጠሉን ቢያዩት ወንፊት ሆኗል!

«ይሄ ሁሉ ልፋት ለትል ቀለብ ነው እንዴ?!»

ደማቸው ፈላ።

አስተማሪዋ «እዚህ ቦታ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይረጭም» ብላ ከመጀመሪያው አስጠንቅቃ ነበር። እሳቸው ግን «የዛሬ ልጅ! መጽሐፍ እንጂ አበባ የት ታውቃለች» ብለው ናቁት።

ቤት ገብተው ምራታቸውን ጠሩ። ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራበት ሱቅ የተባይ መድኃኒት ከሚሸጥበት ቤት አጠገብ ነው።

«ስሚ፣ ነገ ስትመለሺ በዚህ መርጫ የትል መድኃኒት አስበጥብጠሽ አምጪልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ!»

«አባባ፣ አስተማሪዋ ግን እኮ...»

«አንቺ ስለ መርፌሽ አውሪ!»

«...እሺ አባባ።»

ምን ታድርግ? በዚያ ቤት ከጋሽ ፍሬን ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። ባሏ እንኳን አባቱ ሲቆጡ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

በማግስቱ መርጫውን ሞልታ አመጣች። ጋሽ ፍሬን ከፈት አድርገው አዩት፤ ነጭ ነው። ወስደው ረጩት። ቤታቸው ተመልሰውም ለጥ ብለው ተኙ።

አሁን ግን...

ልጆቹ አበባውን ከበው ተንበርክከዋል፤ ወላጆችም ከኋላ ቆመዋል። ከሁሉም ፊት ያለችው ሚጣ ናት። ሚጣ ደግሞ እስካሁን ጣት መጥባት አልተወችም።

እጇን ወደ ቅጠሉ ዘረጋች...

ጋሽ ፍሬን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ቢናገሩ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት ውርደት ነው።

ግን የልጅ ነገር አይቻልም።

«እንዳትነኩ!! መርዝ አለበት! እኔ ነኝ የረጨሁት!»

አስተማሪዋ ልጆቹን እየጎተተች አራቀቻቸው።

ሚጣ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባዬ... ቢራቢሮዎቼን ገደልካቸው?»

ጋሽ ፍሬን አቀረቀሩ። እንባቸው መጣ።

ይሄኔ አበባ ልታጠጣ የመጣችው ምራታቸው የተሸከመችውን የውሃ ጀሪካን ጥላ እየሮጠች መጣች። ጆሯቸው ስር ጠጋ ብላ...

«አባባ፣ አይደንግጡ። ውሃ ነው።»

«ምን?»

«የረጩት ውሃ ነው። ነጭ እንዲመስል ወተት ጠብ አድርጌበት ነው እንጂ መድኃኒት የሚባል ነገር አልገዛሁም።»

ጋሽ ፍሬን ወደ ቅጠሉ ዞረው አፈጠጡ።

ሚጣ ከቆመችበት አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆይታ ጮኸች።

«ቲቸር! ያኛው እየበላ ነው! አልሞተም!»

ጋሽ ፍሬን አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ተመስገን... ተመስገን...»

ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አይለይም ነበር።

አስተማሪዋ ግራ ተጋብታ «ነገሩ ምንድን ነው?» አለች።

ምራታቸው ልትሸፍንላቸው ፈለገች። «ምንም አይደለም፣ አባባ ውሃ አጠጥተው ነው...»

«አይደለም!» አሉ ጋሽ ፍሬን ከተቀመጡበት። «እኔ መርዝ መስሎኝ ነው የረጨሁት። በመርዝ ፈንታ ውሃ ሰጥታኝ ልጆቻችሁንም ቢራቢሮውንም ያተረፈችው እሷ ናት!»

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር?»

መልሱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ግን...

«ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

«አይቆጡኝም?»

«እቆጣለሁ እንጂ! አንቺ ግን ንገሪኝ!»

ወላጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ምራቲቱም ሳቀች... እጃቸውን ይዛ ከመሬት አነሳቻቸው።

ወዳጆቼ... «እሺ» ያለን ሁሉ ተስማምቶ አይደለም። አንዳንዱ ፈርቶን ነው።

ጋሽ ፍሬን እድለኛ ናቸው፤ ምራታቸው ብልህ ሆና አገኟት። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ «እሺ» ብሎ የእውነቱን መርዝ ገዝቶ ያመጣላቸው ነበር!

ሰው በወተትና በውሃ ሳይሸውደን እውነቱን እንዲነግረን ከፈለግን፣ መጀመሪያ ሰው ሳይፈራ የሚናገረን ሰዎች እንሁን። ያኔ «ኧረ ተው፣ ተሳስተሃል» የሚለን አናጣም።

እናንተስ? እቤታችሁ ደፍራችሁ «ተሳስተዋል» የማትሉት ሰው ማነው?

ወይስ... የሚፈራው ሰው እናንተ ናችሁ?

እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ እንደሆንኩ አልቆጣም!