ከጆሮ ጀርባ የቀረ ብናኝ

ደምሰው የእህቱን በር ከማንኳኳቱ በፊት ደጅ ካለው ቧንቧ ፊቱን ታጠበ፤ በከረጢት የያዘውን ንጹህ ሸሚዝም ለበሰ። ከድንጋይ መፍጫው መምጣቱን እትዬ አስካለ ማወቅ የለባትም።

ሳንባ የሚጠርጉ ህዋሳትን ከዘመድ ወደ ዘመድ ማሻገር በተጀመረ ሰሞን የእሱ ሳንባ በድንጋይ ብናኝ ተደፍኖ ነበር። አስካለ የራሷን ሰጠችው። አንዴ የሰጠ ሰው ደግሞ መልሶ አያበቅላቸውም። ያን ጊዜ ደምሰው «ወደዚያ ብመለስ የእማዬ አጽም ይውጋኝ» ብሎ ምሎላት ነበር። ሳንባው ሲጠራ ግን መፍጫው ከማንም አብልጦ ፈለገው፤ እሱም እሺ አለ።

በርበሬ ቀምማ የሰፈሩን ሰው ስታስነጥስ የኖረች ሴት ዛሬ አልጫ አቀረበችለት። ሙቀጫዋ ደጅ ተደፍቶ ዶሮ ሰፍራበታለች።

«በርበሬ ሳይናፍቅህ አልቀረም» አለችው።

«አልጫ ይስማማኛል፣ እትዬ።»

ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። እጇን ስትመልስ ዓይኗ ከጆሮው ጀርባ ላይ ቀረ። ነጭ ብናኝ ነበር። ደምሰው ገባው፤ አፉ ግን በእህል ተሞልቷል።

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ልጅ ሳለ ታደርግለት እንደነበረው ቀስ ብላ ጠረገችለት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ በሚያፏጭ ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ አየር ሳበች።

ተመልሳ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

«እንካ፣ አንድ ያጣላል» አለችው።

የመጀመሪያው ገና አልወረደለትም ነበር።