የሚነክሰው ቋጠሮ

«ግለ ሂሴን በሦስት ነጥብ ከፍዬ አቀርባለሁ» አለ ጓድ በላይነህ፣ የካኪ ኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ። ረቡዕ ረቡዕ የውይይት ክበብ ሲመራም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ትናንት ማለዳ በኃላፊነት የያዘውን የኅብረት ሱቅ ስኳር በጆንያ አስጭኖ ለአንድ ሻይ ቤት ሊያወርድ ሲል እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ዛሬ እንጦጦ ግርጌ ባለችው የቀበሌ አዳራሽ፣ በፍርድ ሸንጎው ፊት ቆሟል። ፊቱ ግን የተከሳሽ ፊት አይደለም፤ ትምህርት ሊሰጥ የመጣ ይመስላል።

አፀደ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ናት፤ የሴቶች ማኅበር መርጧት ነው። ባሏ ዱቤ የዚሁ ሱቅ ዘበኛ ነበር። አምና ስኳር ጎደለ ሲባል በላይነህ ጣቱን ዱቤ ላይ ቀሰረ። ዱቤም እዚሁ ወለል ላይ ቆሞ «አልሰረቅሁም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ግለ ሂስ አድርግ ቢሉት «ያላደረግሁትን ምን ብዬ ልሂስ?» አለ። አሳምሮ ቢናዘዝ ኖሮ በማስጠንቀቂያ ይለቀቅ ነበር፤ ስለ ድርቅናው ታሰረ። ያን ክረምት አፀደ ልጆቿን ያበላችው ከእንጦጦ ጭራሮ እየተሸከመች በመውረድ ነው። ዱቤ ከእስር ቢወጣም ስሙ አልወጣም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዱቤ ስኳሩ» ይለዋል። አሁን ከታዳሚው መካከል ተቀምጧል።

ሰብሳቢው አቶ ወልደ ሐዋርያት ሸንጎውን ከመክፈታቸው በፊት «ጓድ አፀደ፣ ቂም ካለብሽ ከወንበሩ ተነሺ» ብለዋት ነበር።

«የለብኝም» አለች። በሸንጎ ፊት መዋሸት ያስቀጣል፤ የዋሸው ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን መመሪያው ዝም ብሏል።

«አንደኛ» አለ በላይነህ፣ «ሌባ ሆኖ የሚወለድ የለም። ሰው ይማራል። እኔ ሱቁን ስረከብ፣ ሚዛን በአውራ ጣት እንዴት እንደሚጫኑት ያሳየኝ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጫና አለ። እንግዳ መጣ፣ በዓል ደረሰ፣ ከላይ የሚመጣው ቃል ‹ስኳር ላክ› ነው። ሦስተኛ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ማንኪያ ቢጎድል ማን ተጎዳ? ሰፊው ሕዝብ ሰፊ ነው።»

«የእኔ ማንኪያ ጠባብ ናት!» አለች አንዷ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

በላይነህ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ስለዚህ ጓዶች፣ ጥፋቱ የሁኔታው እንጂ የበላይነህ አይደለም። እዚያ መጋዘን የገባ ማንም ሰው በላይነህን ይሆናል።»

«ጥልቅ ግለ ሂስ ነው» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። ማስጠንቀቂያ የምትለዋ ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሳለች። ሦስተኛው ዳኛ እንቅልፍ ጥሎታል።

አፀደ እጇን አወጣች። «ጓድ በላይነህ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አንድ ነገር ያስረዱኝ።»

ሱቁ ደጃፍ «አንቺ ባለ ጭራሮ፣ ሰልፍሽን ያዢ!» ይላት የነበረው ሰው እጅ ነስቶ «ይጠይቁ፣ ጓድ ዳኛ» አለ።

«ማንም ሰው ነው ያሉት?»

«ማንም።»

«መጋዘኑ የገባ ሁሉ?»

«ሁሉ! ሳይንስ ነው።»

«ዘበኛውስ?»

«እሱማ... የተፈረደበት ሰው ነው።»

«እንግዲያ ሰርቋል። ማን አስተማረው? ከእርስዎ ሌላ አለቃ አልነበረውም። እርስዎ ካስተማሩት የእሱም ስኳር በእርስዎ ላይ ይደመራል። ወይስ ሳይማር ቀረ?»

የበላይነህ ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። አፀደ ታውቀዋለች፤ ራሽን ሲያከፋፍል፣ የትኛው ቢጎድል እንደሚያተርፍ ሲያሰላ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

«ሳይማር... ቀረ።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ዱቤ ምንም አልነካም!»

ከዱቤ አጠገብ የተቀመጠው ጎረቤት ጫማውን ማየት ጀመረ። ዱቤ አንገቱን ቀና አድርጎ «ይኸንንማ እኔም ብያለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ቅጣቱ?»

«እስር አይሁንባቸው» አለች አፀደ። በላይነህ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሰውን የሚያበላሸው ሁኔታው ነው ካሉ፣ ሁኔታው ይቀየርላቸው። ክረምቱ እስኪወጣ የቀበሌውን ዳቦ ቤት ማገዶ ከእንጦጦ በጀርባቸው ያውርዱ።»

ሦስተኛው ዳኛ በጭብጨባው ነቃ፤ ምን እንደተባለ ሳይጠይቅ ተስማማ።

አፀደ ከወንበሯ ሥር ገመድ አወጣች። በላብ የጠቆረ ገመድ ነው፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይዛው ነው የመጣችው። በዚህ ገመድ የመጀመሪያ ሸክሟን ያሰረችላት ሙሉነሽ የምትባል ጭራሮ ለቃሚ ነበረች፤ ለአዲስ ሰው የሚታሰረውን፣ ብብት ሥር ገብቶ የሚነክሰውን ቋጠሮ አስራላት ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ዋለች። ትከሻ ላይ ቀለል ብሎ የሚያርፈውን ቋጠሮ አፀደ ቆይታ ነው የለመደችው። አሁን ሁለቱንም ታውቃለች።

ወደ በላይነህ ሄደች። «ጎንበስ በል» አለችው። «እርስዎ» ማለቷ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

ገመዱን በትከሻው አሳልፋ፣ በብብቱ ሥር መልሳ ቋጠረችው።

«አፀደ፣ ኧረ ይሄ ቋጠሮ ይነክሳል!»

«አውቃለሁ። ሰው ይማራል ብለህ የለ? እኔም ከሰው ነው የተማርኩት።»

ሳብ አደረገችው። በክፍቱ በር ጉም የለበሰው የእንጦጦ ዳገት ይታያል። በላይነህ ጀርባው ላይ አንዲት ጭራሮ ሳትጫን ጎብጦ ቆሟል።