የዊለም ለቅሶ

የራሴን የለቅሶ ድንኳን ሲያፈርሱ ደረስኩ። የዕድሩ ዳኛ አጎቴ ዳልጮ ገመድ ይፈታል፤ ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ በር ያወጣሉ። ከባጃጁ ስወርድ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። አለመሞቴን ትናንት ማታ ከቦሌ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም ሲያዩኝ ቀድሞ ሊጨብጠኝ የደፈረ አልነበረም።

እናቴ ጣፈጠች ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቁሯን እንደለበሰች። ተንበረከክሁ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን፣ ጆሮዎቼን፣ አንገቴን እየዳሰሰች አየችኝ። ድምጿ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል።

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«የማናግረው ሰው አልነበረኝም፣ እማዬ።»

እጇን ከፊቴ አነሳች።

«እኔ ነበርኩ» አለች።

ደቡብ አፍሪካ ነው የምኖረው። በሥራ ቀን የጭነት አውሮፕላን አበራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከአራት ጓደኞቼ ጋር፣ ጦር ሠራዊት ከአገልግሎት ያወጣቸውን አሮጌ ጄቶች ቀለም ቀብተን በየከተማው ትርኢት እናሳይባቸዋለን። ከአምስታችን አንዱ ወደቀ። ቪዲዮውን ያየ የሶዶ ልጅ የኔን ፎቶ ለጥፎ «የወላይታው አብራሪ አረፈ» ብሎ ጻፈ። ስልኬ ዝግ ስለነበር እዚህ ያሉት አመኑ። እኔ ወሬውን ያየሁት ከቀብሩ በኋላ ወደ አገሬ መጥቼ፣ ቦሌ ላይ ስልኬን ስከፍት ነው።

ከተበላ ከተማ ለለቅሶ የመጣችው አክስቴ ፋንታዬ ውሃ ይዛልኝ ገባች። አጎቴም ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ።

«ጦርነት ነበር እንዴ?» አለችኝ አክስቴ።

«አይደለም። አውሮፕላኑ የጦር ነው እንጂ እኛ ሲቪሎች ነን። ተጠጋግተን እየበረርን እንገለባበጣለን። ሰው ሜዳ ላይ ሆኖ ያየናል።»

«እና ለመታየት ይሞታል?»

እናቴ በእጇ ዝም አሰኘቻት። «የሞተውስ ሰውዬ ቤተሰቦቹ ደረሱ?» አለችኝ።

«ቤተሰብ የለውም።»

«ልጅስ?»

«የለውም። ሚስትም አላገባም።»

«ታዲያ ማን አለቀሰለት?»

«እኛ አራታችን ቀብሩ ላይ ነበርን። ቆምን፣ ከዚያ ሁላችንም በየመኪናችን ሄድን።»

ወደ ድንኳኑ አየች። ግማሹ ወርዷል።

«ዳልጮ፣ መልሳችሁ ትከሉት» አለች። «ዛሬ ይደር።»

አጎቴ የሰማውን ያላመነ መሰለ። «ጣፈጠች፣ ልጅሽ እኮ ቆሞልሻል። ድንኳኑን ነገ ሌላ ቤት ይፈልጉታል። በዚያ ላይ ዕድሩ ለአባል ነው፤ ለማናውቀው ፈረንጅ ተክለን አናውቅም።»

«ሰሞኑን ያለቀስነው ለማን ነው? ለልጄ ለበእምነት እንዳልል፣ ይኸው እዚህ ተቀምጧል። ያ ሁሉ እንባ ባለቤት የለውም ማለት ነው?»

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወጥቶ «ያዙት፣ ገመዱን ያዙት» ሲል ሰማሁት። የወጡት አግዳሚዎች ተመለሱ። ወደ ቤታቸው ሄደው የነበሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እንደገና መጡ። ሰው ሲሰበሰብ አጎቴ ወደኔ ዞረ።

«እንግዲህ ስለ ሰውዬው ንገረን። የማናውቀውን እንዴት እናልቅስ?»

ተነሳሁ። «ስሙ ዊለም ነው» አልኩ። «መሪያችን ነበር። ስንበር እሱ ከፊት፣ እኔ በቀኙ ነኝ፤ ክንፍ ለክንፍ ልንነካካ ጥቂት እስኪቀረን። መሪ የሚከተል ሰው ሰማይም መሬትም አያይም። ዓይኔ የሱ ክንፍ ላይ ነው። ሲዞር እዞራለሁ፤ ሲወርድ እወርዳለሁ። የዚያን ቀን ዝቅ ብለን ስናልፍ ሞተሩ ጠፋበት። በሬዲዮ ‹ተበተኑ› አለን። እኛ ተበተንን። እሱ አውሮፕላኑን ከሰዉ አርቆ ባዶ ማሳ ላይ ወደቀ።»

«ጎበዝ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሌላስ?» አለች አክስቴ። «ምን ይወድ ነበር? ሲስቅ እንዴት ነው?»

ላስታውስ ሞከርኩ። ክንፉ ሥር ያሉትን የብረት ምስማሮች አውቃቸዋለሁ፤ ቀለሙ የት የት እንደተላጠ አውቃለሁ። በጆሮዬ ውስጥ ያለ ድምፁን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት አብረን ስንበር ቤቱ ገብቼ አላውቅም። እሱም የኔን አያውቀውም። ካረፍን በኋላ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን እንለያያለን፤ ማታ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቄው አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እሺ፣ የማን ልጅ ብለን እንጥራው?»

እሱንም አላውቅም ነበር። ሁሉም ጠበቁኝ። ከአስፋልቱ የሚኒባስ ረዳት «ተበላ፣ ተበላ» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ወሬውን ሰምተው ያለቀሱልኝ ሰዎች ፊት ቆሜ፣ ስለ አንድ የሥራ ወዳጄ የምናገረው አለቀብኝ።

እናቴ ፍራሹን ትታ ወጣች። ከሴቶቹ መሃል ገብታ፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ በወላይትኛ ጀመረች። ስሙን እንደምንም አለችው፤ ቀጥላም «የጣፈጠች ልጅ» ብላ ጠራችው። አክስቴ ተቀበለቻት። ሌሎቹም ተከተሉ።

አጎቴ ዳልጮ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። በግራዬም በቀኜም የሰው ትከሻ ነክቶኛል፤ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላወቅኩም።