የአልጋው ልክ

ወንድሜ ሙአዊያ ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ጠፍቷል። ጎረቤት «ሰደቃ ይውጣለት» ሲላት እናቴ «ልጄ መቼ ሞተና!» ትላለች። እኔ ሐይቅ ከተማ ብረት ቤት ስለምሠራ «ለሁለታችሁ የሚበቃ አልጋ ሥራ» አለችኝ። የድሮው አልጋችን በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎብናል።

እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበርና ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ቁጭ ብዬ ላፕቶፔ ላይ የአንድ ሰው አልጋ ነደፍኩ። እግሮቹን ከማዕዘኖቹ፣ ርብራቡን ከጠርዙ ጋር አጋጥሜ አሰርኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ አንዱ የአልጋው ክፍል ሌላው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ፈተሽኩ፤ የንድፍ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ቦታ በቀይ ያሳያል።

ከርብራቡ በላይ፣ ምንም ባልሳልኩበት ባዶ ቦታ፣ ቀይ ነገር ተጋድሟል። ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት፣ ልክ የወንድሜ ቁመት። ርብራቡን ዝቅ ሳደርገው አብሮ ወረደ። ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩና እንደገና ፈተሽኩ፤ አሁን እግሩን ሰብስቦ በጎኑ ዞሯል።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች። ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«አስፋለት እንጂ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ግን ቀስ ብለህ። ገና አሁን እኮ ነው እንቅልፍ የወሰደው።»