ለእንግዳ የሚሆን አፈር

ተመራማሪው በየዓመቱ ከአያ ይታይህ ማሳ፣ ችካል ከተከለበት ቦታ፣ አፈር እየዛቀ ይወስዳል። የአካባቢው መሬት ሁሉ ለምነት የሚሰጠው ካርቦን ሲሟጠጥ የዚህ ቦታ ብቻ እየጨመረ ሄደ። «አፈር ራሱን ያክማል» ብሎ ጻፈ፤ ፕሮፌሰር ተባለ፤ እሰየው።

ዘንድሮ የውጭ አገር ሳይንቲስቶችን አስከትሎ፣ ሳይደውል ከተፍ አለ። ችካሉ ሥር ቆፈረ። የወጣው አፈር እንደ አመድ የነጣ ነው።

አያ ይታይህ ከቤታቸው እየሮጡ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ሁልጊዜ ደውለህ አልነበር የምትመጣው? በእንግዶችህ ፊት አዋረድከን እኮ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«በል ይዘሃቸው ግባና እህል ቅመሱ። እስከዚያ እንደ ወትሮው ከበረት ፍግ አምጥተን ከአፈሩ ጋር እንለውስልሃለን። እንግዳ ከእኛ ደጅ ክፉ አፈር ይዞ አይሄድም!»