ባለ ስልሳው ዘይት

ባንታየሁ በሥራ ቀን ካየኸው፣ ላቪንግተን ሰፈር ውስጥ እንደሱ የረጋ ባል የለም። አየር መንገድ የጭነት ክፍል ይሠራል፤ ክራባቱን ያስራል፤ ማታቱ የሚሉት የታክሲ ሚኒባስ ጎኑን ሲገፋው እንኳ ክላክስ አይነካም። ቅዳሜ ሲሆን ግን ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ወዳለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሄዶ ያብዳል።

ባለቤቱ ብሩክታዊት ይህን የፈቀደችለት በአንድ ስምምነት ነው። ባለፈው ዓመት የሚወዳደርባትን ሰማያዊ መኪና ሞተሯን አቃጥሏት ነበር።

"ሁለተኛ ሞተር ከተቃጠለ ትሸጣለች። ቃልህን ስጠኝ" አለችው።

ሰጣት። ከዚያ ወዲህ የባንታየሁ ሐሳብ ሁሉ ዘይት ላይ ሆነ። መኪናዋን ማጣት ለሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅዳሜውን ማጣት ነው።

ዘይቱን የሚገዛው ኢስትሊ ሰፈር፣ ከአብዱልአዚዝ ሱቅ ነው። አብዱልአዚዝ የድሬ ልጅ ነው። ባንታየሁ ናይሮቢ ሲመጣ ቤት የፈለገለት፣ ብሩክታዊት ስትወልድ ሆስፒታሉ በር ላይ አብሮት ያደረ ወዳጁ ነው።

"ሠላሳ ቁጥር ለከተማ ነው" አለው አብዱልአዚዝ። "ሜዳው ላይ ሞተሩ ሲግል ይቀጥንብሃል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። ስልሳው ደግሞ ወፍራም ነው፤ በጠዋቱ ብርድ ቶሎ አይዞርም። አርባውን ውሰድ። ሳዋ፣ እሺ?"

አርባውን ወሰደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዘይቱን ሲሞላ እናቱ ወይዘሮ መሠረት ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን የመጡት በቅርቡ ነው፤ ሻንጣቸው በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በጠበልና በቆሎ ተጠቅጥቆ። ልጃቸው መኪና እንደሚያሽቀዳድም የሰሙ ዕለት እህል አልቀመሱም። በኋላ ግን ነገሩን እየለመዱት መጡ።

"ይሄ ነገር ምን ያደርግላታል?" ሲሉ ጠየቁ።

"ይጠብቃታል፣ እማዬ። ከላይ ይገባና ውስጧን በሙሉ ይዞራል።"

"በሙሉ?"

"የማይደርስበት የለም።"

"ደግ ነው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ባንታየሁ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አየ። ጥርት ያለ ነው። ኮፈኑን ሳይዘጋ ቱታውንና ሄልሜቱን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ እናቱ መኪናዋ አጠገብ ቆመው ይጸልያሉ። ግንባሩን ሳሙት፤ ኮፈኑን ዘግቶ ሄደ።

ከሜዳው ሲመለስ መለኪያውን ዳግም መዘዘ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

"ውሃ ገብቶበታል" አለ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው መካኒኩ ሥዩም። ውሃውን ከዘይቱ የሚለየውን ጋስኬት ፈተሸ፤ ደህና ነው። ራዲያተሩን አየ፤ ጠብታ አልጎደለም። ሥዩም ራሱን አከከ። "እኔ እንጃ። ዘይቱ ራሱ ጌንዊን ላይሆን ይችላል፤ አስመስለው የሚሠሩት አለ።"

ይቺ ነገር ባንታየሁ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ኢስትሊ ሄዶ ወዳጁን ጠየቀው።

"ወላሂ፣ ማሸጊያውን የቀደድከው አንተ ራስህ ነህ!" አለ አብዱልአዚዝ። ግን ወዳጁ ነውና ሃምሳ ቁጥር አውጥቶ በነጻ ሰጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያም ማኪያቶ ሆነ።

ባንታየሁ እንቅልፍ አጣ። አንድ ዕድል ብቻ ልስጠው አለና ወፍራሙን፣ ባለ ስልሳውን ገዛ። ይሄን ማን ሊያቀጥነው ነው?

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አሉት እናቱ፣ ሲሞላ እያዩ።

"ታማብኛለች፣ እማዬ። ምን እንደነካት አላውቅም።"

"አይዞህ። ትድናለች።"

ቅዳሜ፣ ረጅሙ ኩርባ ላይ፣ የዘይቱ መብራት በራ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ የሚመታ መሰለ። ከዚያ ጸጥ አለ። ባንታየሁ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ ግን አለቀሰ።

ከሜዳው በቀጥታ ኢስትሊ ሄደ። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል።

"ወንድሜ እያልኩህ ውሃ ሸጥክልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አብዱልአዚዝ አልጮኸም። የያዘውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"ሂድ ባንታየሁ" አለው። "ሁለተኛ እዚህ ሱቅ እንዳላይህ።"

ቃል ቃል ነውና ሰማያዊዋ ተሸጠች። ብሩክታዊት አላሾፈችበትም፤ እንዲያውም አዘነችለት። በምትኳ ነጭ የቤት መኪና ገዙ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለአስቤዛና ለቤተ ክርስቲያን የምትሆን። መመሪያዋ ላይ ሠላሳ ቁጥር ይላል፤ ባንታየሁም ሠላሳ ቁጥር ሞላባት፣ ከሌላ ሱቅ። ኢስትሊን ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ነጯ በገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ መሠረት ግቢ ወርደው ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። ወደዷት።

"ያችም ብትሆን ባለውለታዬ ናት" አሉ። "እሷ ሞታ አንተን በደህና መልሳልኛለች።"

"ተይ እማዬ፣ አታስታውሽኝ።"

"በል ባንቴ፣ ኮፈኗን ክፈትና ዘይት የምትጠጣበትን አሳየኝ፤ ይቺንም እንደዚያችኛዋ በየቅዳሜው አንድ ኩባያ ጠበል ላጠጣት።"